ጅብራ ያልነው የበግ ዓይን ነርቭ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለመሆኑ እዚያ ግቢ ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው?» መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለገበሬ «የበግ ዓይን አመጣ ነበር» እላለሁ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ለተማረ ሰው «የነርቭ ሕዋስ በየዓይነቱ እለይ ነበር» እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ጠጋ ብሎ ይስቃል። ለቀበሌ «የጽዳትና የልዩ ልዩ ሥራ ሠራተኛ» ነኝ፤ የደመወዝ ወረቀቴ ላይ የሰፈረው እሱ ነውና። ሦስቱም እውነት ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆንኩ ግን ዛሬም አልለየልኝም። ይህን የምጽፈውም ስጽፈው ይጠራልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ከዚያ በፊት የበግ ነጋዴ ነበርኩ። ከራቤል ገዝቼ መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ገዝቼ ደብረ ብርሃን። ትምህርቴ የገበያ ትምህርት ነው፤ አስተማሪዎቼም በየጊዜው ያታለሉኝ ሰዎች ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጥሩ አስተማሪዎች ነበሩ። ነጋዴ በግ አያይም፤ የሚያየው ዓይነቱን ነው። ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ቀለሙን ይመረምራል። ቆቡ ከነጣ ሆዱ ውስጥ ትል አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስም የሚወጣለት። ስሙ ግን ግማሹ በበጉ ላይ፣ ግማሹ በገዢው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አንዱን ሙክት ጠዋት «የጓሳ» ብዬ ጠርቼ ያልተሸጠልኝን፣ ከሰዓት «የራቤል» ብዬ የሸጥኩበት ቀን አለ። በጉ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ በግ ነበር።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው ዶክተሩ ወደ መንዝ የመጡት። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት አሉ፣ ስማቸው ሲነሳም ደስ አይላቸውም። ከመሐል ሜዳ ከተማ ዳር አንድ ቆርቆሮ ቤት የእንስሳት ጤና ጣቢያ ተብሎ ተሰጣቸው። በዚያን ጊዜ በየመንደሩ በግ ይታወርብን ነበር። ደህና ሲግጥ የዋለው በግ ድንገት ገደል ይገባል። የታወረው ዓይን ምን እንደጎደለው ለማወቅ፣ መጀመሪያ ጤነኛው ዓይን ምን እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል ነው የዶክተሩ ሐሳብ። ቅዳሜ ገበያ መሐል መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«በግ ትሸጣለህ?» አሉኝ።

«በግ ይዤ ቆሜ ሌላ ምን እሸጣለሁ ጌታዬ?»

«የምፈልገው ዓይኑን ብቻ ነው።»

«የቱን? ግራውን ወይስ ቀኙን?» አልኩ ለቀልድ።

«ሁለቱንም። ግን ግራና ቀኙን ለይተህ።»

እሳቸው አልቀለዱም። ሥጋውን ሸጬ ዓይኑን ደግሞ ለብቻው መሸጥ ለነጋዴ ከሰማይ የወረደ ገበያ ነው፤ እሺ አልኩ። ከተማው ግን ወዲያው ስም አወጣልኝ። እዚህ አገር የሰው ዓይን የሚፈራ ሕዝብ መሀል ዓይን በብልቃጥ ይዞ የሚዞር ሰው ምን እንደሚባል መንገር አያስፈልግም። አማቴ ለአንድ ክረምት ልጆቼን ከእኔ ጋር መሶብ እንዳይቀርቡ ከልክላ ነበር።

ቀስ በቀስ ከአቅራቢነት ወደ ሠራተኝነት ገባሁ። ዓይን ማውጣት እንደ ማረድ አይደለም። ቆቡን ይዘህ በቀጭን መቀስ ዙሪያውን ትፈታለህ፤ ከኋላ ያለውን ነጭ ገመድ ትንሽ ጭራ አስቀርተህ ትቆርጣለህ። በጉ ቆሞ ሳለ ወደ ሰማይ በሚሆነው ጎን ክር ታስርበታለህ። ከዚያ ፊቱን ከፍተህ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጨውን ታፈሳለህ። ከታች የሚቀረው ነው ሬቲና የሚባለው፤ እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ያለ፣ ብትተነፍስበት የሚታጠፍ ነገር። እሱን እርድ በመሰለ ቢጫ መድኃኒት ጥቂት ቀን ታቆየውና ብር በሟሟበት ውሃ ትነክረዋለህ። ብሩ ነርቩን ያጠቁረዋል።

ሁሉን ግን አያጠቁርም። ከስንቱ መሀል አንዱን ይመርጥና ከግንዱ እስከ ጫፉ ያጠቁረዋል፤ ጎረቤቱን ዞር ብሎም አያየው። «ለምንድን ነው ይኼንን የመረጠው?» ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኳቸው።

«ማንም አያውቅም» አሉኝ።

ሊቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የሁላችንም እንጀራ የቆመው ምክንያቱን ማንም በማያውቀው ነገር ላይ ነበር። ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢያመጡልኝ አልገዛም ነበር።

ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር ነበር። ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሶች ያሉት ከኋላ ነው፤ ወሬውን ወደ አንጎል የሚልኩት ነርቮች ግን ከፊት። ብርሃኑ በነርቮቹ መሀል አልፎ ከኋላ ያሉት ዘንድ ይደርሳል፤ ወሬው ደግሞ ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል። «እንደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነዋ!» አልኩ። «ባለጉዳዩ ጸሐፊዎቹን ሁሉ አልፎ ኃላፊው ዘንድ ይገባል፤ ኃላፊው መልሶ ወደ ጸሐፊዎቹ ይመራዋል።» ዶክተሩ አሰብ አደረጉና «ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም» አሉ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ደስ ልሰኝ ወይስ ልፍራ አላወቅኩም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ዶክተሩ አይደሉም፤ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። እትዬ ጥሩነሽ ቀድሞ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ካርታ ይነድፉ ነበር። ባለቤታቸው ወታደር ነበሩ፤ ጦሩ ሲበተን እሳቸው አልተመለሱም። መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ። ሁለት ሴት ልጆች ይዘው የአባታቸው አገር ሞላሌ ገቡ፤ ዶክተሩም በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የሚስል ሰው ሲፈልጉ አገኟቸው። ማይክሮስኮፑ ላይ መስታወት ያለበት ቱቦ ተገጥሟል፤ በእሱ ሲያዩ ነርቩ ወረቀቱ ላይ የተኛ ይመስላል፤ እርሳሱን በላዩ ማስኬድ ብቻ ነው። «ብቻ» ያልኩት ሲያወሩት ነው።

አሳሳላቸው ሥርዓት ነበረው። እጃቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡና አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው እስኪሞቅ ይቀመጣሉ። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው። መጀመሪያ ሳይስሉ ብዙ ያያሉ። ከዚያ ከግንዱ ጀምረው አንዷን ቅርንጫፍ ይዘው እስከ መጨረሻዋ ይሄዳሉ፤ በመሀል ጥይት ቢተኮስ ቀና አይሉም። አንድ ቀን ገና እንደገባሁ «እንደምን አደሩ?» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀና አሉና «እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሳለሁ ሰላም አትበለኝ» አሉኝ።

እኔን ያስተማሩኝ እርሳስ ሳያስነኩ ነው። «እይና ንገረኝ» ይሉኛል። እኔ በማይክሮስኮፑ እያየሁ እናገራለሁ፤ እሳቸው ሳያዩ እኔ ያልኩትን ይስላሉ። ስንጨርስ ሥዕሉን ነርቩ ከተቀመጠበት ስስ መስታወት ጋር ያስተያያሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ያልኩዎት ነው እትዬ።»

«ያልከኝ ነው፤ ያየኸው ግን አይደለም። አፍህ ከዓይንህ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል።»

ክረምቱን እንዲህ አለፍን። ለነጋዴ ከባድ ትምህርት ነው፤ እኔ ዕድሜዬን የበላሁት አፌ ከዓይኔ በመቅደሙ ነው።

ሥዕሎቹ ሲበዙ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፈን፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጠጠር ጭነንባቸው፣ በየዓይነታቸው እንደረድራለን። ዶክተሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለዋቸው ነበር። እኔና እትዬ ግን ስም ካላወጣንለት አይያዝልንም፤ ስለዚህ አንዱን ጽድ አልነው፣ ቅርንጫፉ ሰፊ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ። አንዱን አስታ፤ ቁጥቋጦ ነው፣ ቅርንጫፉ ከታች ጀምሮ ይበዛል። አንዱን ጓሳ፤ እንደ ሣሩ ከአንድ ቦታ ብዙ ክር ያወጣል። አንዱን ኮሸሽላ፤ ሁለመናው እሾህ ነው። ዶክተሩ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከጥቂት ወር በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው «ያ አስታ የት ሄደ?» ማለት ጀመሩ።

አምስተኛውን ያገኙት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ወጥ ግንድ አለው፤ ቅርንጫፍ ሳያወጣ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ ድንገት ይፈነዳል። ጓሳን አቋርጦ የሄደ ሰው ጅብራን ያውቃል፤ ከሰው ቁመት በላይ ብቻውን የሚቆመውን ተክል። ጅብራ አልነው። ዶክተሩ ያን ቀን ማይክሮስኮፑን ለማንም አልለቀቁም። እንዲህ ያለ ነርቭ በሌላ አገር የጻፈው ሰው አላገኙም። ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው «አንድ ዓይነት እውነተኛ ዓይነት ከሆነ ብቻውን ሜዳውን ሁሉ ይሸፍናል» አሉን። «አስታ ራሱን ችሎ የዓይኑን ሜዳ ሁሉ ይከፋፈለዋል፣ ኮሸሽላም እንደዚሁ። አንዱ አስታ በሌላው አስታ ድርሻ አይገባም። እንደ ጓሳ ግጦሽ ማለት ነው።» የጓሳ ግጦሽ ላይ ስንት ሰው በሌላው ድርሻ ገብቶ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ደስታቸው ያሳሳ ነበር።

ዶክተሩ ስለ ጅብራ በመጻፋቸው ጣቢያው የሥራ ዘመኑ ተራዘመለት፤ እትዬ ጥሩነሽም በጊዜያዊነት ሳይሆን በቋሚነት የሚቀጠሩበት መደብ ተጠየቀላቸው። ነገሩ ግልጽ ነበር። ጅብራ ከቆመ ሁላችንም እንቆማለን። ከወደቀ ቤቱ ወደ ወረዳው ይመለሳል፤ እትዬ ጥሩነሽም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዘመድ ደጅ።

ያ ዘመን የግምገማ ዘመን ነበር። ገበሬው ይገመገማል፣ አስተማሪው ይገመገማል፣ የቀበሌው ዘበኛ ይገመገማል። የበግ ነርቭ ይገመገማል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ገምጋሚ መጣ። ወጣት ነው፤ በአንድ ወቅት የዶክተሩ ተማሪ ነበር። ትሑት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ምሳ ሽሮ ሲቀርብለት «እንቁላል አይኖርም?» አለ። ጾም የሌለበት እምነት ተከታይ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። እንቁላል ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄደ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሥዕሎቹን ሁሉ ቀላቀለ፤ እትዬን አንድ ክፍል፣ እኔን ሌላ ክፍል አስቀምጦ ለየብቻ እንድንለይ አደረገን። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ዓይነት ክምር ካወጣ ዓይነቱ አለ ማለት ነው። ስንጨርስ ክምሮቹን አስተያየ። ጽድ ላይ ትንሽ ተለያይተናል፣ አስታ ላይም እንደዚሁ። ጅብራ ላይ አንዲት ወረቀት አልተሳሳትንም። ዶክተሩ ፈገግ አሉ። እኔም ሂሳቡ የሞላለት ሰው ፈገግታ ፈገግ አልኩ።

ገምጋሚው ግን የጅብራዎቹን መስታወቶች አንድ በአንድ እያነሳ ጠርዛቸው ላይ የተጻፈውን ቀን ያያል። «ዶክተር» አለ፣ «እነዚህ ሁሉ ለምንድን ነው አንድ ሰሞን የታረዱት?»

ዶክተሩ ቀኖቹን ተመለከቱ። «ቅበላ ነው» አሉ። «የጾሙ ዋዜማ። ያኔ ሁሉ ሰው ያርዳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጾም ነው።»

«ማለቴ ዓይኖቹ። ከዚያ ምን ሆኑ?»

መልሱ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ መጣ። ቅበላ ላይ የተሰበሰበው ዓይን ብዙ ነው፤ ቢጫው መድኃኒት ውስጥ እንከተዋለን። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፤ እትዬ ጥሩነሽ በሁዳዴ ሥጋ ነክ ነገር በእጃቸው አይነኩም፣ እኔም ደስ አይለኝም፣ ዶክተሩም በጾም ያደጉ የአባታቸው ልጅ ናቸው። ዓይኑ እስከ ፋሲካ ብልቃጡ ውስጥ ይቆያል። ሌላ ጊዜ ጥቂት ቀን የሚነከረው ያንን ሁሉ ሳምንት ይነከራል። በየዓመቱ እንዲህ ነበር። የሥራችን የቀን መቁጠሪያ ባሕረ ሐሳብ ነበር ማለት ነው። ሁላችንም እንጾም ስለነበር ጾሙን ያየው ሰው አልነበረም።

«ምናልባት» አለ ገምጋሚው በዝግታ፣ «ብዙ ሲነከር አስታው አብጦ ይሆናል። የታችኛው ቅርንጫፍ ረግፎበት።»

«ምናልባት ደግሞ» አሉ ዶክተሩ፣ «ብዙ ካልተነከረ የማይታይ ነርቭ ይሆናል።»

ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። አንዱ ሲናገር አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ ሌላው ሲናገር ደግሞ እንደገና። ገምጋሚው በመጨረሻ እንዲህ ወሰነ፦ ከሆሣዕና በፊት ይመለሳል፤ እስከዚያ ብዙ ያልተነከረ አዲስ ዓይን ውስጥ አንድ ጅብራ ካሳየነው ዓይነቱ ይቆማል። ካላሳየነው ይሠረዛል፤ ጣቢያውም ከእሱ ጋር።

በመንዝ፣ በሁዳዴ፣ አዲስ ዓይን። ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ።

«አባ፣ በሁዳዴ በግ ማረድ ኃጢአት ነው?»

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ።»

«ለበጉማ አልጠየቅከኝም» አሉ። «ምን ልትሠራበት ነው?»

«ዓይኑን ነው የምፈልገው። ሥጋውን አልነካም።»

«ማን ይበላዋል ታዲያ?»

«ውሻ።»

«ስማ ደምሴ። እግዚአብሔር የሚያየው ልብህን ነው፤ መንደሩ የሚያየው ቢላህን ነው። አሁንም ዓይን ሰብሳቢ እያሉ ያሙሃል፤ በሁዳዴ አርደህ ለውሻ ሰጠህ ከተባለ ልጆችህን ማን ይዳርልሃል?» ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ቆላው አመለከቱ። «የዚያ የሁሴን ወዳጅ አይደለህም እንዴ?»

ሁሴን ይፋት ቆላ ያለ ሥጋ ሻጭ ነው፤ በንግድ ዘመኔ ብዙ በግ ሸጬለታለሁ፣ ጥቂቶቹን በደህና ዋጋ። በጉ የመንዝ በግ መሆን ስላለበት ከራሴ መንጋ ነድቼ፣ መድኃኒቱን በአገልግል ይዤ ገደሉን ወረድኩ። ሁሴን ሲያየኝ ሳቀ።

«በሁዳዴ በግ ይዞ የወረደ የመንዝ ሰው! ምን ነካህ?»

«እረድልኝ። ሥጋው ለአንተ፣ ዓይኑ ለእኔ።»

«ያረድነውን ሥጋ አትበሉም፤ ዓይኑን ግን ትወስዳላችሁ?»

«ዓይኑ የበጉ ነው፤ ሃይማኖት የለውም።»

«ላቱስ?»

«ላቱም ለአንተ።»

«እንግዲያ ለዓይኑ የምሟገትበት ምክንያት የለኝም» አለና ቢላውን ማሳል ጀመረ። እዚያው ዛፍ ሥር፣ ሰው ከብቦኝ እያየ፣ ዓይኑን አውጥቼ ክር አስሬ መድኃኒቱ ውስጥ ከተትኩ። ሁሴን እጄን ሲያይ ቆየና «እንዲህ ቀስ ብለህ ስትሠራ ዛሬ ገና አየሁህ» አለኝ።

የመጀመሪያው ዓይን ከሸፈብን። ብሩ እንደ ጥላሸት ሁሉን ለበሰው። እንደገና ወረድኩ፤ ሁሴንም እንደገና ሥጋ አገኘ፣ ከዚህ ሁሉ ነገር በእርግጠኝነት የተጠቀመ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ያዘ። አስታው፣ ኮሸሽላው፣ ጽዱ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። ጅብራ ግን የለም። ዶክተሩና እኔ መስታወቱን እያዘጋጀን፣ እትዬ ጥሩነሽ እያዩ፣ ቀናት ሄዱ። እትዬ ጾማቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚውሉት፤ ከንፈራቸው ደርቆ ከማይክሮስኮፑ አይነሱም።

አንድ ቀን ከሰዓት «እስቲ ኑ» አሉን።

ሬቲናው ጠርዝ ላይ፣ መቀሱ ያለፈበት ጋ፣ አንድ ነርቭ ቆሟል። ግንዱ ወጥ ነው፤ ሽቅብ ወጥቷል። አናቱ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ይጀምርና ወዲያው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሥጋው ተቆርጧል።

«ጅብራ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ እትዬ። «ግንዱ የረዘመበት አስታም ሊሆን ይችላል። ከታች አንድ ሁለት ቦታ ጉብ ጉብ ብሏል፤ የረገፈ ቅርንጫፍ ይመስላል።»

«ይሳሉት።»

ሣሉት። ቅርንጫፎቹ ያበቁበት ቦታ ሲደርሱ እርሳሱን አነሱ። ዶክተሩ ከኋላቸው ቆመው ነበር።

«ይጨርሱት እንጂ ወይዘሮ ጥሩነሽ።»

«ጨርሻለሁ ዶክተር።»

«መስታወቱ ላይ አበቃ እንጂ ነርቩ እኮ አላበቃም። ስንት ጅብራ ስለዋል፤ እጅዎ ያውቀዋል።»

«እጄ የሚያውቀውን ልሳል ካሉኝ ደምሴ ገደል ለገደል ለምን ተንከራተተ?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«ይኼ እንጀራዎ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ዶክተሩ ወጥተው ሄዱ። ከበሩ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ በመስኮት አያቸው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን ያህል ዓመት የፈለጉት ነገር ግማሹን አሳይቶ ሲቆረጥባቸው ማን ቢሆን እንዲያ ይላል። ሲመለሱ ስለ ሥዕሉ አላነሱም። እትዬም አላነሱም። እኔ ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ ወረቀቱን እየዞርኩ አየሁት፤ ከዶክተሩ ወንበር ሳየው ጅብራ ነው፣ ከእትዬ ወንበር ሳየው አስታ ነው።

ገምጋሚው በቀጠሮው መጣ። ሥዕሉን ሲያሳዩት ጥቂት አየና ለዶክተሩ «እርስዎ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ» አላቸው፤ ለእትዬም «እርስዎም ሲስሉት አስበውበታል»። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ደምሴ፣ የሚለዩት እርስዎ ነዎት። አምስቱ ክምሮች እዚህ ናቸው። ይህንን የሚመስልዎት ላይ ያስቀምጡት።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ጅብራ ላይ ባስቀምጠው ዶክተሩ ይድናሉ፣ እትዬ መደባቸውን ያገኛሉ፣ እኔም ወደ አቧራ ገበያ አልመለስም። አስታ ላይ ባስቀምጠው ሁሉም ያበቃል። ስንት ዓመት ገበያ ላይ ቆሜ በግ ስም አጥቶብኝ አያውቅም፤ ገዢ ከጠየቀኝ ስም አለኝ። ወደ ጅብራው ክምር ጎንበስ አልኩ። ግንዱ ላይ ያሉት ጉብታዎች ታዩኝ። ወደ አስታው ዞርኩ። እንዲህ ወጥ ግንድ ያለው አስታ አይቼ አላውቅም። ተመለስኩ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ይኼን አላውቀውም።»

«ግምትዎን ይንገሩኝ።»

«ግምትም የለኝም። የሁለቱም ይመስለኛል። የአንዳቸውም አይመስለኝም።» ወረቀቱን በክምሮቹ መሀል ባዶው ሰሌን ላይ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ገምጋሚው እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያ ጻፈ፤ ጮክ ብሎ እያነበበልን ነው የጻፈው። አራቱ ዓይነቶች ይቆማሉ። አምስተኛው አልተረጋገጠም፣ አልተሠረዘምም። ጣቢያው ያልተወሰነውን ለመወሰን ሥራውን ይቀጥል።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ጅብራ አልዳነም፣ አልሞተም። እኛ ግን ዳንን። እትዬ ጥሩነሽ በአራቱ ዓይነቶች ሥዕል ቋሚ መደባቸውን አገኙ። ጣቢያው ያንን አንድ ወረቀት ለመወሰን ብዙ ዓመት ሠራ፤ በየሁዳዴው ከሁሴን ዘንድ አዲስ ዓይን ይመጣል፣ አንዳንዴ ጅብራ የሚመስል ይወጣል፣ አንዳንዴ አይወጣም። የበጎቹንም መታወር ምክንያት ከፊሉን አገኘን፤ አንጎል ውስጥ የሚያድግ የትል እጭ ነበር፣ ከነርቭ ዓይነት ጋር ብዙም አይገናኝም። አሁን ቤቱን የተረከቡት ወጣቶች ኮምፒውተር አላቸው። ዓይነቶቹ እኛ ካልነው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ነገሩኝ። «ጅብራ አለበት?» ብዬ ጠየቅኩ። «በድሮ ሥዕል መናገር አይቻልም» አሉኝ፣ በትሕትና።

በከተማው ግን እኔ ባለተንኮል ሆኜ ቀረሁ። «አላውቅም ብሎ ጣቢያ ያተረፈ ነጋዴ» ይሉኛል። እንዳስብበት ያደረጉኝ ግን ዶክተሩ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ ሻንጣቸውን አውቶቡሱ ላይ ጭኜ ስወርድ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «ደምሴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ንግድ ነበር ወይስ እውነት?» አሉኝ። አውቶቡሱ ተነሳ። እስኪርቅ ድረስ መልስ ፈለግኩ። በእርግጥ ያንን ወረቀት ይዤ ሳለሁ ሦስተኛው መንገድ እንደሚያዋጣ የነጋዴ አፍንጫዬ ሸትቶት ነበር? ወይስ የምር ጠፍቶብኝ ነበር? ሁለቱም መሰለኝ።

እትዬ ጥሩነሽን ሞላሌ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አርጅተዋል፤ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። የዶክተሩን ጥያቄ ነገርኳቸው።

«እሱን ይህን ሁሉ ዘመን ስታሰላስል ነበር?» አሉ። «ወረቀቱን ይዘህ ሳለ እጅህን እያየሁ ነበር። ይንቀጠቀጥ ነበር። ነጋዴ ሲዋሽ እጁ አይንቀጠቀጥም።»

ልቤ ቀለለኝ። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እየቀለለኝ ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያ ቀን ሁዳዴ ነበር፣ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ አልሆነም፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።